ማኅሌተ ጽጌ ምንድን ነው? በየዓመቱ ለ40 ቀን የሚመጣው የሌሊት ዜማ



መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ቅዳሜ ማታ አቦምሳ ላይ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። የባጃጁ ድምፅ ሲቀንስ፣ ሱቁ ሲዘጋጋ፣ ከቤተ ክርስቲያን በኩል ከበሮ ይሰማል። መጀመሪያ ቀስ ያለ ነው፤ ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ደግሞ እየፈጠነ ይመጣል። ብዙዎቻችን ይህን ድምፅ በእንቅልፍ ልባችን እየሰማን ነው ያደግነው። ግን "ምንድን ነው የሚሉት? ለምን በዚህ ወር? ለምንስ በሌሊት?" ብንባል ስንቶቻችን እንመልሳለን?

ኮንሰርት ሲባል የሚመጣብን አዳማ ወይም አዲስ አበባ፣ ትልቅ መድረክና ቲኬት ነው። ሰፈራችን ውስጥ በየዓመቱ ወቅቱን ጠብቆ የሚመጣ፣ በጥቂት ሰዎች የሚቀርብ፣ ከ500 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ግጥም የሚዜምበት ሌሊት እንዳለ ግን እንረሳዋለን። በነገራችን ላይ ኮንሰርት አይደለም፤ ጸሎት ነው። ልዩነቱን ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ዛሬ ማኅሌተ ጽጌን ከስሙ እስከ መሣሪያው በአንድ ቦታ ሰብስበንላችኋል። የየትኛውም እምነት ተከታይ ሁኑ፣ የከተማችሁን ድምፅ ማወቅ አይጎዳም።

ለቸኮላችሁ

• ስሙ፦ ማኅሌተ ጽጌ። "ጽጌ" በግዕዝ አበባ ነው፣ "ማኅሌት" ደግሞ የምስጋና ዜማ። የአበባ ምስጋና እንደ ማለት ነው።
• ወቅቱ፦ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ በድምሩ 40 ቀን። ዘመነ ጽጌ ይባላል።
• ቀኑ፦ በየሳምንቱ፣ ለእሑድ አጥቢያ። ቅዳሜ ማታ ወይም ሌሊት ተጀምሮ እስከ ንጋት ይዘልቃል፤ ከዚያ ቅዳሴ ይቀጥላል። የመጀመሪያው ሰዓት እንደየደብሩ ይለያያል።
• ቦታው፦ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅኔ ማኅሌት የተባለው ክፍል።
• መግቢያ፦ ክፍያ የለም።

ለምን በዚህ ወቅት?

ክረምቱ ወጥቷል፣ አደይ አበባ ሜዳውን ሞልቶታል። የቤተ ክርስቲያኗ የዘመን አከፋፈል ይህን ወቅት ከአንድ ታሪክ ጋር ያገናኘዋል፤ ማርያም ሕፃኑን ኢየሱስን ይዛ ከሄሮድስ ሸሽታ ወደ ግብፅ መሰደዷን (ማቴዎስ ምዕራፍ 2)። ስለዚህ በዜማው ውስጥ ሁለት ስሜት አብሮ ይሄዳል። በአንድ በኩል አበባና ፍሬ፣ ደስታ። በሌላ በኩል ስደት፣ ረሃብ፣ የበረሃ መንገድ። አንዳንድ ምእመናን በዚህ ወቅት ይጾማሉ፤ የጽጌ ጾም ይባላል። ግዴታ ከሆኑት ሰባት አጽዋማት ውስጥ አይደለም፣ የፈቃድ ጾም ነው።

ወቅቱ በኅዳር 5 ሲዘጋ፣ በማግስቱ ኅዳር 6 የቁስቋም በዓል ነው። ቁስቋም ቅዱሳኑ በስደት ያረፉበት የግብፅ ተራራ ስም ነው። ጎንደር የሄዳችሁ፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯትን ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን አይታችኋት ይሆናል፤ ስሟ ከዚህ የመጣ ነው።

ስንት እሑድ አለው? ይህን ስልካችሁ ላይ የኢትዮጵያ ካላንደር ከፍታችሁ ራሳችሁ መቁጠር ትችላላችሁ። ከመስከረም 26 ወዲህ ያለው የመጀመሪያው እሑድ እስከ መስከረም 30 ከዋለ፣ በ40ው ቀን ውስጥ 6 እሑድ ይገባል። ጥቅምት 1 ወይም 2 ከዋለ 5 ብቻ ነው። ግጥሙም በእነዚህ እሑዶች ተከፋፍሎ ነው የሚዜመው። ስለዚህ አንድ ሳምንት ያመለጠው ሰው፣ የዚያን ሳምንት ክፍል ለመስማት ዓመት ይጠብቃል።

ግጥሙን ማን ጻፈው?

የማኅሌተ ጽጌ ድርሰት የ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰው በሆኑት በአባ ጽጌ ድንግል ስም ይታወቃል፤ አባ ጽጌ ብርሃን እየተባሉም ይጠራሉ። ትውፊቱ እንደሚለው ከጓደኛቸው ከአባ ገብረ ማርያም ጋር ነው የደረሱት። 150 ገደማ አርኬ (እያንዳንዱ የግጥም ቤት አርኬ ይባላል) አለው። እያንዳንዱ አርኬ አምስት ስንኝ ነው፤ ስንኞቹ በአንድ ፊደል ቤት ይመታሉ። ቋንቋው ግዕዝ ነው።

ከእሱ ጋር ተያይዞ የሚባል ሌላ ድርሰትም አለ፤ ሰቆቃወ ድንግል። ሰቆቃ ማለት ልቅሶ ነው። የአበባውን ምስጋና ማኅሌተ ጽጌ ይይዘዋል፣ የስደቱን እንባ ደግሞ ሰቆቃወ ድንግል። በአንድ ሌሊት ሁለቱንም ትሰማላችሁ።

ክፍሉ፦ ቅኔ ማኅሌት

አሁን ትንሽ ወደ ውጭ ወጣ እንበልና እንመለስ።

በአውሮፓ ቻምበር ሙዚቃ የሚባል አለ። "ቻምበር" ማለት ክፍል ነው። ለትልቅ አዳራሽ ሳይሆን ለአንድ ክፍል የተሠራ፣ በጥቂት ሰው የሚጫወቱት ሙዚቃ ነው። የታወቀው ቅርፁ አራት ሰው ነው፤ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ፣ አንድ ቼሎ። የኦስትሪያው ጆሴፍ ሃይድን (1732–1809 እ.ኤ.አ.) በዚህ ቅርፅ በጻፋቸው ሥራዎች ይታወቃል። ፊት ቆሞ እጁን እያወዛወዘ የሚመራ ሰው የለም። ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ትንፋሽ ይጠባበቃሉ። ብዙ አገር ውስጥ ደግሞ ይህ ሙዚቃ በቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ውስጥ ይቀርባል። ለንደን የሚገኘው ሴንት ማርቲን ኢን ዘ ፊልድስ ቤተ ክርስቲያን በምሳ ሰዓት ኮንሰርቶቹ የታወቀ ነው።

ታዲያ እኛ ጋ ምን አለ? የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ውስጡ ሦስት ቦታ ይከፈላል። መቅደስ፣ ቅድስት፣ ቅኔ ማኅሌት። የመጨረሻው፣ ወደ ውጭ የሚቀርበው ክፍል ስሙ ራሱ ዜማ ነው። ሕንፃው ሲሠራ ጀምሮ ለዜማ ተብሎ የተለየ ክፍል አለው ማለት ነው። አውሮፓውያን ሙዚቃውን በክፍሉ ስም ጠሩት፣ እኛ ክፍሉን በዜማው ስም ጠራነው።

በዚህ ክፍል ውስጥ ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ቀኝና ግራ። የቀኙን የሚመራው ቀኝ ጌታ፣ የግራውን የሚመራው ግራ ጌታ ይባላል። የሁሉ መሪ መሪጌታ ነው። መሪጌታውም ቢሆን ከሰልፉ ውስጥ ነው የሚቆመው። በድምፁና በመቋሚያው ነው የሚመራው።

ልዩነት አለው? አዎ፣ ትልቅ ልዩነት አለው። አራቱ የአውሮፓ ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው የተለያየ ነገር ይጫወታሉ። በማኅሌት ግን ሁሉም አንድ ዜማ ነው የሚያዜመው፤ አንዱ ወገን ያነሣል፣ ሌላው ይቀበላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ኮንሰርት ለአድማጭ ይቀርባል። ማኅሌት ለአድማጭ አይቀርብም። ጥቂት ሰው ቢመጣም፣ ዝናብ ቢዘንብም፣ ማንም ባይሰማም ይቆማል። "ማኅሌት ቆሙ" ነው የሚባለው፣ "አቀረቡ" አይባልም።

ሌሊቱ እንዴት ይሄዳል?

እየሰማችሁ እንዳትጠፉ ጥቂት ቃላት ያዙ።

ነግሥ፦ የሌሊቱ መክፈቻ ላይ የሚባል አጭር ምስጋና ነው።

አርኬው፦ ቀጥሎ ከማኅሌተ ጽጌ የዕለቱ ክፍል አንድ አርኬ ይነሣል።

ወረብ፦ ከአርኬው ውስጥ የተወሰነ ቃል ተወስዶ እየተደጋገመ የሚዜምበት፣ ከበሮና ጸናጽል የሚገባበት ክፍል ነው። ሕዝቡ በጭብጨባና በእልልታ የሚያግዘው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ዚቅ፦ ከቅዱስ ያሬድ ድጓ ተመርጦ ከአርኬው ሐሳብ ጋር እንዲገጥም የሚባል ዜማ ነው። ይህ ደስ የሚል ነገር ነው። የ15ኛው ክፍለ ዘመን ግጥምና በ6ኛው ክፍለ ዘመን ነበረ በሚባለው ያሬድ ስም የሚጠራው ዜማ በአንድ ሌሊት እየተጠራሩ ይሄዳሉ።

ሌላው መያዝ ያለባችሁ ፍጥነቱን ነው። አንድ ዜማ መጀመሪያ ያለ መሣሪያ በድምፅ ብቻ ይባላል፤ ቁም ዜማ ነው። ቀጥሎ በመቋሚያ እየተወዛወዙ ያዜሙታል፤ ዝማሜ። ከዚያ ጸናጽልና ከበሮ ይገባል፤ መረግድ፣ እሱም ንዑስና ዐቢይ አለው። መጨረሻ ላይ ይፈጥናል፣ ጭብጨባ ይጨመራል፤ ጽፋት። ያው አንድ ቃል፣ አራት አምስት ዓይነት አካሄድ። ለዚህ ነው ከሩቅ ሲሰሙት "መቼ ነው የሚያልቀው?" የሚያሰኘው። ቀርቦ ለሚሰማ ግን ደረጃ በደረጃ እየወጣ ነው።

መሣሪያዎቹ

ከበሮ፦ ሁለቱ አፎቹ እኩል አይደሉም፣ አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ ነው። ስለዚህ አንዱ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። መቺው ተቀምጦም፣ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቆሞም ይመታል።

ጸናጽል፦ በእጅ የሚያዝ፣ ቀጫጭን ብረቶች ላይ ትናንሽ ቅጠሎች የተሰኩበት የብረት መሣሪያ ነው። ሲወዘወዝ ቻል ቻል ይላል።

መቋሚያ፦ ራሱ የመስቀለኛ ቅርፅ ያለው ረጅም ዘንግ። ለረጅም ሰዓት ቆሞ ለሚያድር ሰው መደገፊያ ነው፤ በዜማው ጊዜ ደግሞ የእንቅስቃሴው መለኪያ ይሆናል።

ሌላ የለም። ኪቦርድ የለም፣ ገመድ ያለው መሣሪያ የለም። ሦስት ነገርና የሰው ድምፅ።

ኖታ አለው እንዴ?

አለው። ዜማው ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉ ሦስት ስልቶች ይሄዳል። መጽሐፉን ብታዩት፣ ከግዕዙ ፊደል በላይ ትናንሽ ምልክቶች አሉ። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ ይባላሉ፤ ስምንት ናቸው። ድርስና አንብር ሲጨመሩ አሥር ይሆናሉ። የምልክቱን ሥርዓት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት እንዳደራጁት ይነገራል።

ከእነዚህ ሌላ ደግሞ ከታወቀ ዜማ የተቀነጨቡ አጫጭር ፊደሎች ከመስመሩ በላይ ይጻፋሉ። ትርጉማቸው "እዚህ ጋ እንደዚያ ዜማ አድርገህ በል" ነው። ማለትም ምልክቱ የሚሠራው ያንን ዜማ አስቀድሞ በቃሉ ለሚያውቅ ሰው ነው። የአውሮፓን ኖታ ያጠና ሰው ሰምቶት የማያውቀውን ሙዚቃ ከወረቀት ላይ አንብቦ ሊጫወት ይችላል። የድጓው ምልክት ግን ያስታውሳል እንጂ ከዜሮ አያስተምርም። መምህር የግድ ነው። ይህን ነጥብ ያዙት፣ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው።

በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት በያሬድ ስም ነው የሚጠራው። በስልካችሁ የፒያኖ ሥራዎቻቸውን የምትሰሟቸው መነኩሲት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም (1923–2023 እ.ኤ.አ.) ስማቸው ውስጥ ያለው "ጽጌ" ይኸው የምንናገርለት አበባ ነው።

ማን ተምሮት ይመጣል?

ማኅሌት የሚቆም ሰው በአንድ ኮርስ አይወጣም። ጾመ ድጓ፣ ድጓ፣ ዝማሬ መዋስዕት፣ ከዚያም አቋቋም፤ እያንዳንዱ የራሱ ጉባኤ ቤት አለው፣ እያንዳንዱ ዓመታት ይወስዳል። ለድጓ የታወቀችው ደቡብ ጎንደር ያለችው ቤተልሔም ናት። ለአቋቋም ጎንደር ከተማ ዋና ናት። በዜማ ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት የሚባሉ የተለያዩ ስልቶች አሉ፤ በአቋቋምም እንደዚሁ የጎንደርና የተክሌ የሚባል አለ። ሁለት ሰው ከተለያየ ቤት ተምሮ ከመጣ፣ አንዱን ቃል በተለያየ መንገድ ሊሉት ይችላሉ ማለት ነው።

የቆሎ ተማሪውን ኑሮ ደግሞ ከአባቶች የሰማችሁት ነው። አኩፋዳ ይዞ፣ ለምድ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ከውሻ ጋር ታግሎ፣ ማታ በመምህሩ ፊት ተቀምጦ በቃሉ ያጠናል። የጥንቱ ተማሪ ድጓውን የሚይዘው ራሱ በእጁ ገልብጦ ነበር።

ይህን ሁሉ የጨረሰ ሰው ነው እንግዲህ ቅዳሜ ሌሊት በከተማችን ቅኔ ማኅሌት የሚቆመው። ብዙዎቻችን "ደብተራ" የሚለውን ቃል ስንሰማ የሚታወሰን ድግምት ነው። ሰውየው ግን የአሥርና የአሥራ አምስት ዓመት የዜማ ተማሪ ሊሆን ይችላል።

አሁን አስቡት። ማኅሌት ሁለት ወገን ይፈልጋል። አንዱ ሲያነሣ የሚቀበል ያስፈልጋል። ከበሮ የሚመታ፣ ጸናጽል የሚይዝ ያስፈልጋል። የሚያውቁት ሰዎች ሦስት አራት ብቻ ከሆኑ ቀኝና ግራ መሆን ያቅታል። ያነሣውም የሚቀበለውም ያው ሰው ይሆናል። መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ቢኖርም፣ በሚቀጥለው ዓመት ከፍቶ የሚጀምረው ሰው ከሌለ ምልክቶቹ ከፊደሉ በላይ ዝም ብለው ይቀመጣሉ።

ስልካችን ያደርሰናል?

አጭሩ መልስ፦ ይረዳል፣ ግን አይተካም።

ቀረጻ ዋጋ አለው። ኬይ ካውፍማን ሸለሜይና ፒተር ጄፍሪ የተባሉ የውጭ አገር ተመራማሪዎች ከ1993 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን የቤተ ክርስቲያን ዜማ በሦስት ቅጽ ከነድምፁ አሳትመዋል። እንዲህ ያለ ሥራ ለጥናት ይጠቅማል። ዛሬ ደግሞ አንድ የአብነት ተማሪ የመምህሩን ድምፅ በስልኩ ቀድቶ በመንገድ ላይ ሊከልስ ይችላል።

ግን ቲክቶክ ላይ የሚያጋጥመን የትኛው ክፍል ነው? ሁሌም ጽፋቱ ነው። ከበሮው የፈጠነበት፣ ጭብጨባው የደመቀበት 30 ሰከንድ። ያ 30 ሰከንድ የመጣው ከረጅም ቁም ዜማ፣ ከረጅም ዝማሜ በኋላ ነው። ያንን ቀስታ ያልቆመ ሰው ፍጥነቱ ምን እንደሆነ አይገባውም። ምሥጢሩ ያለው ቀስ በሚለው፣ ማንም ፖስት በማያደርገው ክፍል ውስጥ ነው።

ለመሄድ ካሰባችሁ

1. ሰዓቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል።

2. ነጠላ ልበሱ። ወደ ውስጥ የምትገቡ ከሆነ ጫማ ይወልቃል። የወንድና የሴት መቆሚያ የተለየ ነው፤ ሰው እያያችሁ ተከተሉ።

3. ሌላ እምነት ያላችሁ፣ ቅጽሩ ውስጥ ወይም በር አካባቢ ሆናችሁ መስማት ትችላላችሁ። ብዙ ቦታ ሞንታርቦ ስላለ ይሰማል። ሆኖም ያለ ሞንታርቦ፣ ከቅርብ የሚሰማው ድምፅ ሌላ ነው።

4. መቅረጽ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ አስፈቅዱ። ፍላሽ አታብሩ። ከሊቃውንቱ ፊት አትቁሙ፤ ቀኝና ግራ የሚተያዩት በምክንያት ነው።

5. ሌሊቱን በሙሉ መቆም ካቃታችሁ ችግር የለም። ግን መጨረሻውን ብቻ ለማየት ከመሄድ መጀመሪያውን ብታዩት ይሻላል። አንድ ወረብ ምረጡና ከቁም ዜማው እስከ ጽፋቱ ተከታተሉት። ግዕዙ ባይገባችሁም ደረጃው ይገባችኋል።

6. ሲያልቅ አንድ ሊቅ ቀርባችሁ "አባቴ፣ የት ነው የተማሩት?" በሏቸው። ብዙ ጊዜ ማንም አይጠይቃቸውም። የጉባኤ ቤቱን ስም፣ የመምህራቸውን ስም፣ በእግር የሄዱበትን መንገድ ትሰማላችሁ። መጽሐፍ ላይ የማታገኙት ታሪክ ነው።

ዜማው እኛ ጋ የደረሰው አንድ ሰው ሌላውን ሰው ፊት ለፊት አስቀምጦ "እንዲህ በል" ስላለው ነው። በመሀል አንድ ትውልድ "ቪዲዮው አለን" ብሎ ከተቀመጠ፣ ያ ሰንሰለት እዚያው ይቆማል።

እንግዲህ ካላንደራችሁ ላይ መስከረም 26ን ምልክት አድርጉበት። የዚያ ሳምንት ቅዳሜ ማታ፣ ከተማው ጸጥ ሲል ከበሮውን ትሰማላችሁ። ዘንድሮ ከአልጋ ላይ ሆናችሁ ብቻ አትስሙት።

ጽሑፉ ከጠቀማችሁ፣ ማታ ማታ አብሯችሁ ለሚያመሽ ጓደኛችሁ ላኩለት። ሰላም እደሩ!